ይህ ልጅ ደሙ ቶሎ አይረጋም

«ይቅርታ፣ የማን ወገን ልበል?» አለች ፖስተኛዋ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ተብሎ እንደማይጠየቅ ትዝ ያላት ቃሉ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው።

እንግዳዋ አልተቀየመችም። ስልሳን የተጠጋች፣ የጥቁር ሹራቧን ቁልፎች እስከ አንገቷ የቆለፈች ሴት ናት። አጠገቧ የተቀመጠው ጎልማሳ ልጇ ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አልታጠፍ ያለውን ግራ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቷል። ሻይ የምታድለው ጎረቤት በመጣች በሄደች ቁጥር «ይቅርታ» እያለ ሊሰበስበው ይሞክርና ይተወዋል።

«የእናታችሁ የአክስት ልጅ ነኝ» አለች እንግዳዋ። «አንቺ አታውቂኝም። እትዬን ግን አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ ከቤቴ አባርሬያታለሁ።»

እትዬ የሟቿ ስም አይደለም። ግን ዘመዱም ጎረቤቱም፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ነበር የሚሏት። በሆስፒታል ልብስ ክፍል ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንሶላ ስትጠግንና የሐኪም ጋውን ስትሰፋ ኖራ፣ ጡረታ በወጣች በአምስተኛው ዓመት ልቧ ከዳትና በሦስት ቀን ሕመም አረፈች። ባል የላት፣ ልጅ የላት። የቀረቻት አንዲት ታናሽ እህት ናት፤ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የምትለይ።

ለቅሶው ሲደራጅ ፖስተኛዋ ሃያ ወንበር ይበቃል ብላ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስድሳ ወንበር ተከራይተው እንኳ ሰው ደጅ ቆሟል። ሁለቱ ጠባብ ክፍሎች ሞልተው፣ የስፌት መኪናዋ ግድግዳ ጥግ ተገፍታ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሆናለች። ጎረቤቶች በሹክሹክታ «አልወለደች፣ አልከበደች፤ ይሄ ሁሉ ሰው ከየት ፈለቀ?» ይባባላሉ። ፖስተኛዋም በሆዷ ይህንኑ ትጠይቃለች። እሷን ደግሞ ሌላም ነገር ከንክኗታል፦ ከመጡት ወንዶች ውስጥ የሚያነክሱት በዝተዋል። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ ቁርጭምጭሚቱን እያስታመመ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ያንን አነካከስ ታውቀዋለች። በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ የሚቀበለው የገዛ ልጇ አነካከስ ነው።

የእትዬና የፖስተኛዋ እናት አራት ልጆች ነበሯት፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአራት ዓመቱ ከደረጃ ወድቆ ምላሱን ነከሰ። ለሌላ ልጅ እናቱ እፍ ብላ የምታስረሳው ቁስል ነው። እሱ ግን ሦስት ቀን ደምቶ ሞተ። እትዬ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ሳፋውን የያዘችው እሷ ናት። ሁለተኛው ልጅ ጉልበቱ ያለ ምክንያት እያበጠ፣ ገላው በትንሽ በትልቁ እየበለዘ፣ እስከ አሥራ አንድ ዓመቱ ኖረ። አንድ ቀን የጓደኞቹ ኳስ ጭንቅላቱን መታው። ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ፤ አልነቃም።

የአባታቸው ወገኖች ጣታቸውን የቀሰሩት እናትየዋ ላይ ነው። ወንድ የማይበረክትላት አሏት። ወተቷ መራራ፣ ደሟ እርኩስ ነው ተባለ። አባትየውም ሰው ያለውን አምኖ ሌላ አገባ፤ ከአዲሷ ሚስቱ የወለዳቸው ወንዶች ደልበውና ፈርጥመው ሲያድጉ ፍርዱ ጸና። እናትየዋ ከዚያ በኋላ የሰው ሕፃን አቅፋ አታውቅም። ቢሰጧት እንኳ እጇን ከኋላዋ ትደብቅ ነበር።

እንግዳዋ ሻይዋን ሳትቀምስ የመጣችበትን ነገረቻት። ነገሩ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ነው፤ ይሄ አሁን ምርኩዝ የያዘው ልጇ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ። አንዲት የማታውቃት ሴት በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ተጉዛ በሯን አንኳኳች። ዝምድናዋን ቆጠረች። ከዚያ ልጅሽ ይበልዛል ወይ፣ መገጣጠሚያው ያብጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ሁሉም ልክ ነበር። ሴትየዋ ግን በሽታው በእናት በኩል እንደሚመጣ ልታስረዳ ስትጀምር፣ እንግዳዋ «በእናት በኩል» ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን አልሰማችም። አማቷ ጓዳ ውስጥ ነበሩ። ብድግ ብላ በሩን አሳየቻት።

«በወሩ ተመልሳ መጣች» አለች እንግዳዋ። «አሁን ደግሞ ምን ልትል ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩባት። ምንም አላለችም። ለልጅሽ ነው፣ ብርዱ እየመጣ ነው አለችና ኮት አስይዛኝ ሄደች። ልወረውረው ነበር። ዞር ስል ልጁ ለብሶት ቆሟል።»

ክርኑ ላይ በጥጥ የተደረበ ወፍራም ኮት ነበር። በዚያው ዓመት ልጁ ትምህርት ቤት ከግንብ ላይ ወድቆ የፊት ጥርሱ ተነቃነቀ፤ መምህሩ አቅፎ ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ወሰደው። ሐኪሙ ጥርሱን ሊነቅል ጉጠቱን አንስቶ ነበር። ደም እንዳይነካው ብለው ኮቱን ሲያወልቁለት ገበሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቶ አዩ። በቀይ ክር እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ይህ ልጅ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ጥርሱን አትንቀሉ። ጡንቻው ላይ መርፌ አትውጉ። በቶሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ወደ ደም ሐኪሟ ላኩት።» ከሥሩ የልብስ ክፍሉ ስልክ ቁጥር አለ።

«ሲያጥረኝ ሌላ ትልክልኝ ነበር» አለ ጎልማሳው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ። «እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ሰባት ኮት ሰፍታልኛለች።» ከዚያ ምርኩዙን ተደግፎ ክፍሉን ዞር ብሎ ቃኘው። «እዚህ ካሉት ውስጥ የኮት ወንድሞቼ ስንት እንደሆኑ እንጃ።»

ፖስተኛዋ በር ላይ ወደቆመው ልጇ ዞር ብላ አየች። የራሷ ልጅ ኮቶች ገበራቸው ላይ ያ ጽሑፍ ነበረባቸው። ለእሱ ብቻ የተሰፋ ይመስላት ነበር።

እትዬ የበሽታውን ነገር ያወቀችው በሃያ አራት ዓመቷ፣ ኪስ እየጠገነች ነው። የደም ሐኪሟ ጋውን ኪስ በየሳምንቱ ይቀደዳል፤ ቁልፍም፣ መቀስም፣ ብርቱካንም ትጨምርበታለች። እትዬ አንድ ቀን ኪሱን በድርብ ክር አጥብቃ ስትመልስላት፣ በምትኩ አንድ ነገር ልጠይቅ አለች። የሁለት ወንድሞቿን ሞት ነገረቻት። ሐኪሟ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ከዚያም በቀላሉ አስረዳቻት።

ደም እንዲረጋ የሚያደርገው መመሪያ ሴት ላይ ሁለት ቦታ፣ ወንድ ላይ አንድ ቦታ ተጽፏል። ሴት አንዱ ቢበላሽባት ሌላው ይሸፍንላታል፤ ሳታውቀው እንደ ጤነኛ ትኖራለች። ወንድ ግን ያለችውን አንዷን የሚያገኛት ከእናቱ ነው፤ የተበላሸችው ከደረሰችው መሸፈኛ የለውም። እናት ለእያንዳንዱ ልጅ ከሁለቱ አንዷን ትሰጣለች፤ የትኛዋን እንደምትሰጥ ማንም አያዝዝም። ወንድ ሲወለድ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ሴት ስትወለድ እንደ እናቷ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። የአባታቸው ሌሎች ልጆች ጤነኛ የሆኑት እናታቸው ሌላ ስለሆነች ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

 «እና የእናቴ ጥፋት ነው?» አለች እትዬ።

«አፍንጫሽን ከማን አገኘሽው?» አለቻት ሐኪሟ።

«ከእናቴ።»

«ጥፋቷ ነው?»

የዚያን ዕለት እትዬ አውቶቡስ አልጠበቀችም፤ እስከ ቤቷ በእግሯ እየሮጠች ሄደች። እናትየዋ ቁጭ ብላ ሰማቻት። አላለቀሰችም። እኔስ ከእናቴ ነው ያገኘሁት ብላ ጠየቀች፤ ይመስለኛል አለቻት። እሷስ ከእናቷ? ሊሆን ይችላል። «እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አለች እናትየዋ። ለአንድ ሳምንት ያህል፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ልጅ ተረት እንደሚያስደግም አስደገመቻት። በሳምንቱ ጎረቤት የወለደችን ልትጠይቅ ሄዳ ሕፃኑን አቀፈችው። ይህን ያየችው ፖስተኛዋ ናት፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም ነበር።

እትዬ ከዚያ ወዲህ ዕረፍቷን ለራሷ አድርጋ አታውቅም። እናቴ ከእናቷ ካገኘችው አክስቶቿም ይኖርባቸዋል፣ የአክስቶቿም ሴቶች ልጆች፣ የእነሱም ልጆች አለች። የሴቶቹን የዘር ሐረግ ብቻ ተከትላ፣ ከአገር አገር እየጠያየቀች፣ አሥራ አንድ ቤት አገኘች። ስድስቱ በሩን ዘጉባት። ውሻ የለቀቀባት አለ። ጠንቋይ ያላት አለ። ትምህርቷ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሆነ አንዲት ልብስ ሰፊ ምን አባቷ ታውቃለች የሚል ሐሜት ቀድሟት ይደርስ ነበር። እሷ በቃል ያልተቀበሏትን በኮት ትመለስባቸዋለች።

በሩን ከዘጉባት መካከል አንዷ የገዛ እህቷ ናት።

ፖስተኛዋ ልታገባ አንድ ወር ሲቀራት እትዬ ፖስታ ቤት መጣች። ከደብዳቤ መለያው መደርደሪያ ኋላ ቆመው አወሩ። ሾፌሩ እጮኛሽ ደግ ሰው ይመስለኛል አለቻት፤ ሳትጋቡ የወንድሞቻችን በሽታ በኛ በኩል ሊያልፍ እንደሚችል ንገሪው፣ የሚሄድ ከሆነ ዛሬ ይሂድ። ፖስተኛዋ በዚያ ዕድሜዋ መስማት የምትፈልገው የሠርግ ነገር ብቻ ነበር። ንዴቷ ገነፈለ።

«አንቺ የሚያገባሽ ስላጣሽ እኔም አብሬሽ እንድቀር ነው» አለቻት።

 ወለል ላይ የወደቀ ደብዳቤ ነበር፤ እትዬ ጎንበስ ብላ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ምሥጢሩ ያንቺ ነው፤ ከኔ አይወጣም» ብላ ሄደች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልተነጋገሩም።

ከዚያ ወንድ ልጅ ተወለደ። ክፉኛ አይበልዝም ነበርና ፖስተኛዋ ራሷን አታለለች። አሥር ወር ሲሞላው ጥርስ አወጣ፤ ድዱ ከማለዳ ጀምሮ መድማት ያዘ። ረፋዱ ላይ አንገትጌው በደም ረጥቦ፣ ከንፈሩ ነጥቶ ነበር። ወደ ባሏም ወደ አማቷም አልሮጠችም። እግሯ ራሱ መርቶ የልብስ ክፍሉ በር ላይ አቆማት።

እትዬ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። ቀና አለች፤ መቀሱን አስቀመጠች። አላልኩሽም አላለችም። ያን ዕለትም፣ ከዚያ በኋላ በኖረችበት ዘመን ሁሉም፣ አንድም ቀን ይህ ቃል ከአፏ አልወጣም። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» ብቻ አለችና ልጁን ተቀብላ በኮሪደሩ ሮጠች። የደም ሐኪሟ ደረሰች፣ ደም ተሰጠው፣ ወደ ቀትር ላይ የድዱ ደም ቆመ።

ሾፌሩ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ልጄ ምን ሆነ ሲል ፖስተኛዋ ወደ እህቷ ዞራ ንገሪልኝ አለቻት። እትዬ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣው ሁሉንም ከሥሩ ነገረችው። እሱ ሚስቱን ቀና ብሎ ሲያያት፣ እትዬ በሁለቱ መካከል ገባች።

«እሷ ብቻ አይደለችም። እኔም ያው ነኝ። ሁለታችንም ነን» አለችው።

ሾፌሩ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆየ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሮ «የኔ ደም ይሆነዋል?» ሲል ጠየቀ። እስከ ዛሬ አብረው ናቸው።

«ሁለታችንም ነን» የሚለው ቃል ፖስተኛዋን ሃያ ስድስት ዓመት አሻግሯታል። የልጇ ጉልበት አብጦ ሳምንት ሲያድር ትለዋለች። ሴት ልጅ ወልዳ ይቺስ ብላ ስትጨነቅ ትለዋለች። ዕጣው የወደቀው እሷ ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ታላቋም ከነሸክሟ ቀጥ ብላ እንደምትሄድ ማሰብ ያጸናት ነበር።

በሦስተኛው ቀን የደም ሐኪሟ ራሷ መጣች። ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። የሚያነክሱት ወንዶች ሁሉ አንድ ላይ ብድግ ሲሉላት፣ ተቀመጡ፣ ጉልበታችሁን እኔ ነኝ የማውቀው አለች፤ ለቅሶ ቤት ነውና ሰው ሳቁን ዋጠ። የፖስተኛዋ ልጅ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ወንበር አመጣላት። ስለ ማግባት ጠየቀችው። እንደ ልማዱ ቀለደ፤ የኔ ነገር ግልጽ ነው አለ፣ ወንዶች ልጆቼ ከኔ አይወርሱም፣ ሴቶቹ ግን ሁሉም ይሸከማሉ፤ አስተማሪ ሆኜ መቶ ከመቶ የማየው እዚያ ብቻ ነው። ሐኪሟ እጁን መታ መታ አድርጋ ላከችውና ወደ ፖስተኛዋ ተጠጋች።

«እኔና እሷ ባንድ ነገር ሃያ ዓመት ተሟግተናል» አለች በዝግታ። «ያንቺ ልጅ ሰባት ዓመቱ ሲሆን ደማችሁን ወደ ውጭ ልኬ አስመርምሬ ነበር፤ የልጁን፣ ያንቺን፣ የሷን። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ይላታል። የራሷን ውጤት ለማወቅ ምርመራ አያስፈልጋትም ነበር፤ ልጇ ምስክር ነበር።

«የእትዬ ንጹሕ ሆኖ መጣ» አለች ሐኪሟ። «ተሸካሚ አልነበረችም። ብታገባም፣ አሥር ብትወልድም፣ አንዱንም አይነካውም ነበር። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ለእህቴ አይነገርም አለችኝ። ምነው ብላት፣ ብቻዋን ትቀራለች አለች።»

ፖስተኛዋ ዓይኗ ክፍሉን አቋርጦ ሄደ። ማዕዘኑ ላይ የሆስፒታሉ ጡረተኛ አናጢ ተቀምጧል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማለዳ መጥቶ ሲመሽ የሚሄድ እሱ ብቻ ነው። በወጣትነቱ እትዬን ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቷት ነበር፤ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዋን በነፃ የሠራላት እሱ ነው። ወንድሞቼ የሞቱበትን ነገር ለሰው ልጅ አላወርስም ብላ መለሰችው። ሰው ኩራት ነው አለ። ፖስተኛዋም ኩራት ነው ብላ ነበር። አናጢው በመጨረሻ ሌላ አገባ። የሚያገባሽ ስላጣሽ ያለቻት፣ የሚያገባትን የመለሰችን ሴት ነው።

«ለምን ዛሬ ነገርሽኝ?» አለች ፖስተኛዋ።

«ለሴቷ ልጅሽ ስል። እትዬ ከእናቷ ፈቃድ ውጭ አልነግራትም ብላ፣ አንቺን ስትጠብቅ ሄደች። ከንግዲህ የሚነግራት አንቺ ካልሆንሽ ማን ነው?»

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ወንበሮቹ መኪና ላይ ተጫኑ። ሾፌሩና ልጁ ደጁን ሲያጸዱ፣ ፖስተኛዋና ሴቷ ልጇ የእትዬን መኝታ ክፍል ሊያስተካክሉ ገቡ። ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ልታገባ ነው። መስኮቱን ከፈተችና ከአልጋው ላይ ትራሱን አነሳች። ፖስተኛዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሳታቋርጥ የሁለቱን አጎቶቿን ሞት ነገረቻት፤ የአያቷን ነገር፣ ሁለት ቦታ ስለተጻፈውና አንድ ቦታ ስለተጻፈው መመሪያ፣ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ስለሚጣለው ዕጣ።

ልጅቷ ትራሱን እንዳቀፈች ሰማች። «ሴት አይነካም ብለሽኝ ነበር» አለች።

«አይነካም። በኛ በኩል ያልፋል እንጂ።»

«እትዬም እንዳንቺ ነበረች?»

ነበረች ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረ ነውና አፍ ላይ ይመጣል።

«አልነበረችም» አለች ፖስተኛዋ። «ነኝ ያለችኝ እኔ ብቻዬን እንዳልሆን ነው።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዕንባ አልወጣትም ነበር። ሰው ሁሉ አጽናናት፣ ጠንካራ ናት ብሎ አመሰገናት፤ አሁን ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ልጅቷ ትራሱን አስቀምጣ ትከሻዋን ያዘች። ከደጅ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል።

«እኔ ብሆንስ?» አለች ልጅቷ ቆይታ።

ፖስተኛዋ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «ሰኞ አብረን እንሄድና ትመረመሪያለሽ። ለእጮኛሽ የምትነግሪውንም ያኔ ራስሽ ትወስኛለሽ። ከሆንሽ ሁለት ነን።» ትንሽ አሰበችና «እኔ ይህን ስል እውነቴን ነው» አለች።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። እናቷ ስትነሳ፣ ጎንበስ ብላ አንሶላውን ከፍራሹ ፈታችና አንዱን ወገን ለእናቷ አቀበለቻት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንዷ መስኮቱን፣ አንዷ በሩን ተደግፈው አንሶላውን ወጠሩት፤ አራገፉት፤ ለሁለት አጠፉት። ከዚያ ጫፍ ከጫፍ ሊያገጣጥሙ ተራመዱ። ልጅቷ የያዘችውን ጫፍ ለእናቷ አስረክባ እጇን ልትስብ ስትል፣ እናትየዋ ከጨርቁ ጋር ጣቶቿንም ያዘች፤ አልለቀቀችም።